ሰጋሁ

ከሌሊቱ ዘጠኝ። ሴንት ጆንስ ላይ ጉሙ
ወደቡን ውጦታል። መርከቦች ሲያዘግሙ
ጥሩምባቸው ብቻ ይሰማል ከሩቅ፣
ልክ እንደ አሮጌ ሳል፣ ደረት የሚሰነጥቅ።

አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣
አምብሮስ ሄይናት አለ፣ ዕድሜውን በመረብ
ከኮድ ዓሣ ጋራ ሲሟገት የኖረ፣
የተሰበረ ዳሌው በብረት የታሰረ።
ሲመሽ ይራገም ነበር፤ «ሾርባው ቀዘቀዘ፣
ትራሱ ድንጋይ ነው፣ እግሬ ደነዘዘ።»
አሁን ግን ዝም አለ።

ዝም ማለቱ ነው ዴልፊንን የከበዳት፤
ነርስ ከሆነች እንኳ ሦስት ወር አልሆናት።
ግፊቱን ለካች፤ ደህና። የልብ ምቱም ደህና።
ቁጥሮቹ በሙሉ የሚያሰጡ ምስጋና።
ግን አንድ ነገር አለ፣ ስም ያልወጣለት ገና፣
ከንፈሩ ዳር፣ ጥፍሩ ሥር፣ ዓይኑ ውስጥ፣
በሠንጠረዡ መስመር ፈጽሞ የማይገለጥ።

ስልኩን አነሳች። አስቀመጠች። አነሳች።

«ምን አየሽ?»
«ምንም... ምንም የለም። ብቻ... ብቻ ሰጋሁ።»
«በቃ። እሱ ይበቃል። ስልኩን ዝጊ፣ መጣሁ።»

ፊሎሚና ክሪች። ሐኪም አይደለችም።
«ዶክተር» ሲሏት «አይ፣ ፊል» ማለት አትሰለችም።
የትንፋሽ ባለሙያ ሆና የከረመች፣
ሃያ ሁለት ዓመት ጀርባ ያደመጠች፣
ውሃ ያዘለ ሳንባን ከደረቅ የለየች፣
በጎማ ጫማዋ ደረጃ የጨረሰች።
እዚህ ሆስፒታል ውስጥ ደወሉ ሲደወል
ቡድኑን የምትመራው እሷ ናት፣ በውል።

ገባች። ግንባሩን ዳሰሰች፤ ቀዝቃዛ ላብ።
ትንፋሹን ቆጠረች፤ ሠላሳ አራት።
«ኦክስጅን፣ ዴልፊን። ጋቪን፣ ሌላ ደም ሥር ፈልግ።
አቶ ሄይናት፣ እኔን እዩኝ። እኔን።»
አላያትም።
አንገቱ ሥር ጣቷን አሳረፈች።
ቆየች።
«የለም። ጀምሩ።»

በሩ ተበረገደ። ወጣቱ ዶክተር ፕራናይ፣
ጸጉሩ እንደ ተኛበት፣ አንድ ጫማው ሳይታሰር።
ሰው ሁሉ ዞረ ወደ እሱ፣ ወደ ነጩ ጋዋን፤
ልማድ ነው፤ አንገት ያውቃል የሚዞርበትን።
እሱ ግን ጠየቀ፦ «ማነው የሚመራው?»
«እኔ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ጋቪን ደክሞታል፣ ተካው።»
ጋዋኑን ወረወረ፤ ደረቱን ሲጫነው
የጎድን አጥንት ሲሰበር በመዳፉ ተሰማው።

አልጮኸችም እሷ። ድምፅዋ ዝቅ ሲል
ክፍሉም አብሮ ሰከነ፣ ጆሮ ሆነ ሁሉም አካል።
«የረጋ ደም ይመስለኛል፣ ሳንባው ውስጥ የገባው።
መድኃኒቱን የምታዝ አንተ ነህ፤ ፊርማው ያንተ ነው።
ካመንክበት ፈርም፤ ካላመንክ ንገረኝ፣ አሁን።»
ወርዶ ፈረመ። ላቡ ጠብ ብሎ አራሰው ስሙን።

ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ ከጣቷ ሥር፣
አንድ ነገር ጎተተ። ደግሞ ጎተተ፣ በስሱ፣
ዓሣ መረብ ሲነካ እንደሚያደርገው።

ሊነጋ ሲል ዴልፊን ቅጹን ትሞላለች።
«የተጠራበት ምክንያት» የሚለው ላይ ቆመች።
ፊል ከጀርባዋ፣ ደረቅ ዳቦ እያኘከች፣
«ያልሽውን ጻፊ» አለች።
«አንድ ጊዜ፣ ባንቺ ዕድሜ፣ ሰባተኛው አልጋ፣
እኔም ሰግቼ ነበር። ሐኪሙን ላለመቀስቀስ
ጠበቅሁ እስኪነጋ።»
ከዚያ በላይ አልተናገረችም።
ዴልፊን አንድ ቃል ጻፈች። ከሥሩ ፊል ፈረመች።

በአምስተኛው ቀን፣ ጉሙ ሲገፈፍ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
የሻከረ ድምፅ መጣ፦
«ይህን ሾርባ ማነው ያመጣው?
የባሕሩ ውሃ እንኳ ከዚህ ይሞቃል!»
ዴልፊን ሳህኑን ይዛ ሮጠች፣ ልታሞቀው።