ሁለት መግቢያ

ሪጋ ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው ማዶ፣
ሱቅ ቆሜ እውላለሁ፤ ደጃፌ በረዶ።
ማይክ፣ ገመድ፣ የድምፅ ካርድ ነው ንግዴ፤
ለማያውቅ ገበያተኛ ቁጥር ነው ወጥመዴ።
«ሃያ አራት ቢት» ስል ይፈራል ሰው ሁሉ፤
የፈራ ሰው ደግሞ ውዱን መግዛት ነው አመሉ።

በጥር መጨረሻ፣ ልንዘጋ ስንል ማታ፣
አንዲት ሴትዮ ገቡ፣ በዝግታ፣ በዝግታ።
ስማቸው ድዚድራ፤ ትራም ሲነዱ ሠላሳ አንድ ዓመት።
ጓንታቸውን ሳያወልቁ መስታወቴን ጠቆሙት።
«ኮክሌ አለኝ» አሉኝ፣ «አሥራ አንድ ክር፣ ከአባቴ የቀረ፤
ልቅዳው ብዬ ነው። ጣቴ ብርድ አይችልም፣ መደንዘዝ ጀመረ።»

ስምንት መግቢያ ያለውን፣ ባለ መብራቱን፣ ሰጠኋቸው፤
እንደ ዳቦ መዘኑት በእጃቸው።
«ስምንት ሰው ከየት ላምጣ?
አንድ ኮክሌ አለኝ፤ አንድ ጉሮሮ፣ እሱም ጠዋት ካልታጣ።
ሁለት ይበቃኛል።»

ባለ ሁለቱን አወጣሁ፤ ያገለገለ፣ ጥጉ የተጫረ፣
ዋጋው አጭር፤ ኮሚሽኔም አብሮ ያጠረ።

ቀጥሎ ሶፍትዌር። እዚህ ላይ አልለቅም አልኩ፤
ስክሪኑን አዙሬ ውዱን አስቀደምኩ፦
«ከበሮ አለው፤ ዋሽንት አለው፤ ኦርጋን ቢሉ ኦርጋን፣ ሳይቸግር፤
ቫዮሊን ብቻ መቶ አለው፣ ሲያዙት የሚዘምር።»
«መቶ ቫዮሊን?» ሳቁ፤ «ማን ይቀልብልኛል ልጄ፣ በትራም ነጂ ብር?
ቀይዋ የት ናት? የምትቀዳዋ? እሷን አሳየኝ።»
ነፃውን ጫንኩላቸው። ሌላ ነገር አልጠየቁኝ።

አይ፤ አንድ ጠየቁ፦
«ክሩን ስነካና ስሰማው፣ በመሀል ስንት ይቆያል?»
«አምስት ሚሊሰከንድ» አልኩ። «ትንሽ ነው፤ ጆሮ ያልፈዋል።»
«ትራም» አሉ፣ «ፍሬን ስትረግጥበት ወዲያው አይቆምም፤
በረዶ ባለ ቀን ይንሸራተታል፣ አንተን አይሰማም።
መዘግየት አያስፈራኝም፤ ቀድሞ መርገጥ ነው።»
ሦስት ዓመት ለደንበኛ ሳስረዳ የደከምኩበት፣ ይኸው።

በሳምንቱ ስልክ። «ስማ ራይቪስ፣ ካርድህ ያንጎራጉራል።
ከክሩ ሥር፣ ማታ ማታ፣ የሆነ ነገር ያጉረመርማል።»

መፍቻዬን ይዤ ሄድኩ። የእንጨት ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
ገመድ ቀየርኩ፤ ሶኬት ቀየርኩ፤ ደረጃው ያደከመኝ ሳያንስ ላብ ሊያሰጥመኝ፣ ልወድቅ።
ተስፋ ቆርጬ ጆሮ ማዳመጫውን አወለቅኩ።
ድምፁ አልጠፋም።

ወጥ ቤት ነው። ማቀዝቀዣው፣ ድሮ የተሠራ፣
ጥግ ይዞ ቆሞ ሌት ተቀን የሚያወራ።
«እሱ?» አሉ ድዚድራ። «እሱማ ሁልጊዜ ነው። ሃያ ዓመት
አብረን ኖረናል፤ ሲያወራ ግን አንድ ቀን አልሰማሁት።»

ነቀልኩት።

የላይ ቤት ሰው ካልሲ ሲያወልቅ ተሰማን።
በረዶ ከጣሪያው ተንሸራቶ ጓሮ ወደቀ።
ድዚድራ ጓንታቸውን ፈልገው አጡት፤ እጃቸው ላይ ነበር፤ አወለቁ።

ቀይዋን ተጫኑ። የመጀመሪያው ተበላሸ፤
ሁለተኛው ላይ ውሻ ገባ፤ ሦስተኛው ላይ ጣታቸው ሸሸ።
አራተኛውን አልሰማሁም፤ ከቤት አስወጡኝ፤
«ትንፋሽህ ይገባል፣ ሂድ» ብለው በጀርባዬ ገፉኝ።

እየሄድኩ ቤቴን አሰብኩ። ስምንት መግቢያ አለኝ፤
መቶ ቫዮሊን አለኝ፤
የተጀመረ ዘፈን አርባ አንድ፣ ያለቀ የለም።
ማቀዝቀዣም አለኝ። ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም።

ጠዋት፣ ቁልፉ ከእጄ ሳይወርድ፣ ስልኩ ጮኸ።
ለካ መልሰን ሳንሰካው አድሯል።
«ዓሣው ሸተተ» አሉ። «ቅቤውም ቀልጦ ወለል ላይ ነው።
አራተኛው ግን ደኅና ነው።»