ጡሩምባ ነፊው ስልክ ገዛ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዶሮ ሳይጮህ ተነስቼ፣
በሳሙና በር ዳገት፣ ጋቢየን ደርቤ ወጥቼ፣
«እከሌ አረፈ!» ስል ኖርኩ፣ በዚች በነሐስ አንደበት፤
ውሻው እንኳን ለምዶኛል፤ የሚደነግጠው ባለቤት።
ቀን ያገኘኝ ሰው ሁሉ፣ ሰላም ብሎኝ ቶሎ ያልፋል፤
ስሙን ለዚህ አፍ ማስለመድ፣ ማን ይወዳል? ማንስ ይተርፋል?

አምና የእድሩ ጸሐፊ፣ አዛናው የሚሉት ልጅ፣
«ቴሌግራም ከፍተናል» አለ፤ «ጡሩምባው ይቀመጥ እንጅ።
ሁለት መቶ አስር አባል፣ በአንድ ጣት ይጠራል» አለኝ፤
ደረቴን ዳበስኩት በእጄ፤ ለሳንባየ የምለው የለኝ።

ስልክ ገዛሁ። ከአራዳ። ያገለገለ፣ ፊቱ የተሰነጠቀ፤
ሻጩ «ድምፁ ደህና ነው» ሲል፣ ሆዴ ብቻውን ሳቀ።

መጀመሪያ ያየሁት የአቶ ደሳለውን ሞት ነው።
ስልሳ ሰው «ነፍስ ይማር» አለ፣ ስልሳ ቢጫ መዳፍ ገጠመ፤
አስራ አንድ ነበርን ድንኳን ውስጥ፤ ወንበሩ እንደተነባበረ ቆመ።
«ይኸው!» አልኩ፣ «ይኸው! ጡሩምባየ ይሻል ነበር።»
ግን ደሳለው ልጅ ነበረው፣ ሰሊጥ አጫጅ፣ መተማ ድንበር።
ድሮ ቢሆን በአርባው ነው፣ መርዶው በሰው ሰው የሚደርሰው፤
አሁን ሳጥኑ ሳይወርድ ደርሶ፣ አፈሩን በእጁ መለሰው።
ስለዚህ የጀመርኩትን እርግማን፣ ግማሹን ዋጥኩት።

ጎረቤቴን በሌላ በር ገብቼ አየሁት።
ጣሰው ባለሱቁ በየጠዋቱ፣ «መስጠት ጸጋ ነው» እያለ ለጠፈ፤
ከሱቁ በር ግን «ዱቤ ነገ» ይላል፣ ቀለሙ እየረገፈ።
ያቺ የቸቸላ ሙሽራ፣ ከግንቡ ስር ለመቶ ፎቶ ቆመች፤
ዘጠና ዘጠኙን አጥፍታ፣ በአንዷ ብቻ ሳቀች።
ቢምረው ባለባጃጁ፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሲውል ቆሞ፣
እስክስታ ቀርጾ ላከልን፤ ሰው ሳቀ፤ ላከልን ደግሞ።

ይህን ሁሉ ለምን? እል ነበር።

እትየ አንጓች ግን ሌላ ናት።
ከብልኮ በታች፣ ብቻዋን፣ ባሏን በእኔ ጡሩምባ የቀበረች፤
ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እድሩ ውስጥ ትጽፋለች፦
«እንዴት አመሻችሁ።»
በቃ። ይችው ናት።
አዛናው ተቆጣ፦ «እዚህ የሚጻፈው ሞትና መዋጮ ብቻ ነው።»
በማግስቱ ሦስት ሰዓት፦ «እንዴት አመሻችሁ።»

እኔ አውራ ጣት እልክላታለሁ። ሌላውን መጻፍ አላውቅበትም።
እሷ ጣቴን አይታ የምትተኛ ይመስለኛል፤
እኔም ሰላምታዋን ካላየሁ፣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ማክሰኞ ማታ፣ ሦስት ሰዓት። ዝም።
ሦስት ተኩል። ዝም።
ጣሰው ጥቅስ ለጠፈ። ቢምረው ጨፈረ።
አራት ሰዓት።
ጡሩምባዋን ከአልጋ ስር ሳብኳት፤
ምን አስቤ እንደሆነ፣ እሱ ፈጣሪ ይወቀው።
የቀሃን ድልድይ ተሻገርኩ፤ ልቤ ከእግሬ ቀድሞኝ ሮጠ፤
ስንት በር በሌሊት ያስደነገጥኩ ሰው፣ አንድ በር ፊት እጄ ራደ።

አንኳኳሁ።
ኩራዝ ይዛ ከፈተች። ፊቴን ሳይሆን ጡሩምባዋን አየች።
«ማን ሞተ?»
«አንቺ!» አልኳት።

ሳቀች። ደጃፉን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤
«አይ አንተ! ካርድ አልቆብኝ እኮ ነው» አለች።

እዚያው ቆሜ የሃያ ብር ጥቅል ላክሁላት፤
ጣቴ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ፣ በአራተኛው ገባላት።
ስመለስ ከተማው ጨልሟል፤ መብራት የለም፤
በየመስኮቱ ግን ትንሽ ትንሽ ሰማያዊ ነገር፣ በአንድ ሰው ፊት ልክ።
በዚች ነሐስ «የለም» ስል ነው ዕድሜየ ያለቀ፤
«አለሁ» የሚል ጡሩምባ ሠርቶ፣ ለሰፈር የሰጠ ማን ነበር?

ድልድዩ ላይ ሳለሁ ኪሴ ነዘረኝ።
«እንዴት አመሻችሁ።»
ጡሩምባዋን በብብቴ ይዠ፣ አውራ ጣቴን ልልክ ብየ ባይ፣
አንድ ጣት ቀድሞኛል።
አዛናው ነው።