ድራፍት

ከማተሚያ ቤቱ ደብዳቤ መጣልኝ፣
«ድራፍቱን ላክልን» — ይኸው ነው የሚለኝ።
ለዱጉማ አነበብኩ፣ ለግሮሰሪው ጌታ፤
ብርጭቆ ማጠቡን ትቶ ሳቀ ላንድ አፍታ።
«በምን ልትልክ ነው? በጀሪካን ሞልተህ?
ጊቤን ሳትሻገር አረፋው ጠፍቶብህ!
ይልቅ እዚሁ ጠጣ፣ በኔ ነው ሂሳቡ፤
መጽሐፍህ ይቆያል እስኪያባራ ዝናቡ።»

ጠጣሁ። አንዴ፣ ሁለቴ። ቃሉ ግን አልወርድ አለ፣
እንደ ቦዬ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ ዋለ።

በማግስቱ ወጣሁ የጅሬንን ዳገት፣
ጋሽ ነስረዲን ካለበት፣ ከኪራይ ቤቶች ቤት።
አርባ ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምሮ፣
ዛሬ ይቀመጣል መነጽሩን በክር አስሮ።
መዝገበ ቃላት ግን አላወጣም ከቶ፤
«ያውልህ» አለኝ በከዘራው አመልክቶ።
ጋሪ ነው፣ ብሎኬት የጫነ፣ መንገዱ ጭቃ፤
ፈረሱ አረፋ የደፈቀ፣ ማንም ያላለው በቃ።

«ድራፍት ያ ነው፣ ልጄ። ሥሩ መሳብ ነው።
ከበርሜል ሲስቡት የዱጉማ ቢራ ነው፤
በበር ሥር ተስቦ ሲገባ ብርድ ነው፣
ይኸው ጉልበቴን ይዞኝ የከረመው።
መስመርም ይሳባል በነጭ ወረቀት፤
ልጅም ይሳባል ከቤቱ፣ ለውትድርና፣ በሌሊት።
ያም ያው ቃል ነው።»
                    ዝም አለ።
ግድግዳው ላይ ካሚል በዩኒፎርሙ አለ፣
ዕድሜው ካሥራ ስምንት ፎቶው ላይ ያልዘለለ።

ሻዩን ፉት ብሎ፣ «እኛስ ምን እንላለን?»
«ረቂቅ» አልኩት።
«ረቂቅ!» አለ፣ ጣቱን እያፍተለተለ፣
«የማይታይ፣ የማይጨበጥ፣ ነፍስን የመሰለ።
እነሱ ጭነት አሉት፣ እኛ ግን እስትንፋስ፤
የትኛው ነው ያንተ? ስጠኝ እስቲ ልዳስስ።»

ሰጠሁት፣ በፌስታል፣ ዘጠነኛ ጊዜ የተጻፈ፣
ስለ አባቴ ወፍጮ፣ ከአዌቱ ጎርፍ ስላልተረፈ።
አልከፈተውም። በመዳፉ ከፍ ዝቅ አድርጎ፣
እንደ ሥጋ ሻጭ ኪሎውን ፈልጎ፣
«ይከብዳል» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።
ጥሩ ነው ወይ? ብዬ እኔም አልጠየቅሁም።

ስወርድ ጋሪው ቆሟል፣ ጎማው ሰጥሞ ኖሯል፤
ባለጋሪው አንዴ ሰማይ፣ አንዴ እኔን ያያል።
ፌስታሌን ብሎኬቱ ላይ ጣል አድርጌ ገፋሁ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት — ከነጫማዬ ጭቃው ውስጥ ጠፋሁ።
ወጣ።
ፈረሱ ላቡ ይጨሳል። እኔ ፌስታሉን ስፈታ፣
የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከርእሱ ሥር ባለው ቦታ፣
የአውራ ጣት ጭቃ፣ ሙሉ ከነመስመሩ፤
የኔ ይሁን የባለጋሪው አልለየም ዳሩ።

ዛሬ ፖስታ ቤት ሄጄ እንዳለ ላክሁት።
«ፊደሉን አርሙልኝ፤ ጭቃውን ተዉት።»