ሁለት ፊደል

ስሙን አልጽፍላችሁም፤ ሕጉ አይፈቅድልኝም፤
መዝገቡ ላይ ካለው ሁለት ፊደል በቀር፣ ለእናንተ ስም የለኝም።
ሃያ ሁለት ዓመት ባሕር ዳር ችሎት ቃል ስጽፍ የኖርኩ፣
የስንቱን ስም ከነአያቱ በቀይ ያሰመርኩ፣
የዚህን ግን ገና ሲጀመር ከጫፉ ቆረጥኩ።

ሰኔ ነበር። ከሽምብጥ ዳርቻ
የገደፋው መረብ ጠፋ፤ የቀረው ችካሉ ብቻ።
ሌሊት ተፈትቶ፣ ሲነጋ ተሸጦ፣
እኩሌታው በዳቦ፣ እኩሌታው በጫማ ተለውጦ፣
ልጁ ተያዘ፤ ጫማው ሰፍቶት፣ ክሩ ሳይታሰር፤
እጁም ዓሣ ዓሣ ሲሸት ነበር።

«አሥራ ስድስት ሞልቶታል» አለ ዓቃቤ ሕጉ፣
«ቁመቱን እዩት፤ ሪዝ አቀምቅሟል የከንፈሩ ጥጉ።»
እናቱ ዓመት በቁጥር አልያዘች፤
«ጣና ሞልቶ የደንገሉን አጥር የዋጠ ክረምት» አለች፣
«ጡት ይዞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እናንተው ቁጠሩ።»
ቁጥር የያዙት ሁሉ እርስ በርስ ተያዩና አፈሩ።

በአሥራ አራት መካከል እና በአሥራ ስድስት
አንደኛው ወገን ወህኒ ነው፣ አንደኛው ወገን ትምህርት ቤት።
ፈለገ ሕይወት ወሰዱት፤ ሐኪሙ ጥርሱን ቆጠረ፣
የአንጓውን አጥንት በራጅ መረመረ፣
«አሥራ አራት ይመስለኛል፤ አልምልም» ብሎ ፈረመ።
ዳኛ ፈንታነሽ «ጥርጣሬው ለልጁ ይሁን» አለች፤ ነገሩም በዚያ ታተመ።

ከዚያ በሩ ተዘጋ። ጎረቤትም ወሬኛም ወደ ደጅ ወጣ፤
ካቴናው ተፈታ፤ ልጁ ከእናቱ ጎን፣ ከእኔ ፊት ለፊት መጣ።

አባቴ፣ ዘጌ ላይ መጻሕፍት የተማረ፣
ስለ ፍትሐ ነገሥት ሲያወራ እንዲህ ይል ነበረ፦
«ሕፃንና እብድ የሠሩትን አያውቁ፤
ላላወቁት ነገር እንደ አዋቂ አይጠየቁ።»
በኋላም ሕጉ በቁጥር መጣ፣ አንቀጹን ደርድሮ፤
ዘጠኝ ላልሞላው ክስ የለም፤ ከዘጠኝ ጀምሮ
እስከ አሥራ አምስት ማረም እንጂ፣ እንደ ትልቅ ሰው መቅጣት የለም።
ይህን መጻፍ ቀላል ነው። እኔ ግን አንዱን አልረሳም፤
ዕድሜውን ያልጠየቅነው፣ ከጎልማሶች ጋር ያደረ፣
ዶሮ ሰርቆ ገብቶ፣ ቁልፍ መክፈት ተምሮ የወጣ ልጅ ነበረ።
ያኔም ጻፍኩ። ስሙን በሙሉ ጻፍኩ። ከነአያቱ።

ገደፋው ተነሣ። «ክብርት ዳኛ፣ መረቤ የስድስት ሰው እንጀራ ነው፤
የእሱ ልጅነት የእኔን ልጆች ራብ ምን ያደርገው?»
ማንም አልመለሰ። ከመስኮቱ ማዶ የጀልባ ሞተር ተሰማ።
ዳኛዋ ቆየት ብላ፦ «የደንገል ታንኳህ ውሃ ሲጠጣማ
ምን ታደርገዋለህ?» «ጎትቼ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ።»
«በመጥረቢያ አትፈልጠውም?» «ክብርት ዳኛ፣ ወዴት እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤
ታንኳ መረብ አይሰርቅም!»
ልጁ ሳቀ፣ ወዲያው ደነገጠ። ይህንንም ጻፍኩ፤ አልሰረዝኩም።

ተግሳጽ፤ ትምህርት ቤት፤ በአክስቱ ቤት፣ በየወሩ ክትትል፤
ቅዳሜ ቅዳሜ መረብ ሲጠግን እንዲውል
ከገደፋው ጋር። የጠፋው መረብ ግን አልተገኘም፤
ፍርዱ ቢያልቅም ኪሳራው አላለቀም።

ጥቅምት ላይ፣ በዳርቻው መንገድ፣ ከሾላው ጥላ ሥር
አንድ ረጅም ልጅ አየሁ፣ በብብቱ የሆነ ነገር
በላስቲክ ጠቅልሎ፤ ደብተር ይሁን መረብ አልለየሁም።
ጫማው ልኩ ሆኗል።
ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቱን ፊደል እንኳ አልጨረስኩም፤
መዝገቡ ተዘግቷል።