ማጠፊያ

ኑሪት ቁልፉን ጣለችልኝ ማክሰኞ በጠዋት፣
«ፈንታ፣ ያቺን ጥረጋት፣ ሐሙስ እንግዳ አላት።»
ስንዝር ሙሉ ብረት፣ ዝገቱ መዳፍ የሚያቀላ።
ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ሦስተኛው ላይ እሺ አለ፤
የኖራ፣ የኩስ፣ የእህል ጠረን ተግተለተለ።

ከበሩ ራስ ጽሑፍ አለ፣ ፊደሉ አልገባኝም፣
1912 ይላል፤ ቁጥር አገር የለውም።

የሞሻቡ ሽማግሌ አርኖን ሲያወራ እንደሰማሁት
ጀርመን ገበሬዎች ናቸው በበሬ ጋሪ ያመጡት
ይህን ድንጋይ ሁሉ። ገና ጎጆ ሳይሠሩ፣
በድንኳን እያደሩ
ቀድመው የእሷን መሠረት ቆፈሩ።
ሰባኪያቸው ቄስ አልነበረም፤ ጎትሊብ የሚሉት በርሜል ሠሪ፣
ስድስት ቀን ጣውላ የሚያጎብጥ፣ በሰባተኛው ተናጋሪ።
ከልጆቻቸው አንዳንዱ፣ ኋላ፣ የተጣመመ መስቀል ሰቀለ፤
አርኖን እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም አለ፣ ቆየ፣ ዘለለ።

ከዚያ ጦርነት። ከዚያ የእንግሊዝ አጥር፣ ሽቦ።
መንደሩ እንዳለ ሄደ፣ በከባድ መኪና ተስቦ፣
ቁርሱ ከነሳህኑ ቀርቶ። አውስትራሊያ ነው አሉ።
አግዳሚውን ምድጃ በላው። ዶሮዎች ገቡ፣ ተፈለፈሉ።

እኛም ዘንድ ነበረች አንዲት፣ ጎንደር፣ ከወንዙ ማዶ፣
ሚስዮን የተከላት፣ ቆርቆሮዋ በፀሐይ ነዶ።
አያቴ ባይህ ቀጥቃጩ የበሯን ማጠፊያ ሠራላት፣
እግሩን ግን አላስገባላት።
ሂሳቡን ከደጅ ተቀብሎ ወንዝ ወረደ፣ ከነልብሱ ተነከረ፤
«ብረቱ የእኔ፣ በሩ የነሱ» ይል ነበረ።

ዛሬ እኔ የልጅ ልጁ የሌላዋን ቁልፍ ይዤ
መሐል ወለሏ ቆሜአለሁ፣ መጥረጊያ ተመርኩዤ።
መግባት ነው ይሄ ወይስ ሥራ? የምጠይቀው የለም፤
ቄሳችን ነታንያ ናቸው፣ ስልክም አያነሱም።

ጠረግኩ። ላባው አራት ከረጢት ሞላ። መስኮቱን አጠብኩት፤
የአቮካዶው እርሻ ብቅ አለ፣ ከዚያ በኩል ያልጠበቅኩት።
ከጥጉ ግድግዳ፣ ዶሮ የማይደርስበት፣ በእርሳስ የተሰመረ
የሕፃን ቁመት አገኘሁ፣
አምስት መስመር፣ ከፍ ከፍ ያለ፣ ከየጎኑ አንድ ስም፤
ስድስተኛው የለም።

ሁሉንም ኖራ ቀባ ብላኛለች ኑሪት።
ቀባሁ ዙሪያውን። ያቺን ክንድ ያህል ተውኳት።
ማጠፊያውን ዘይት አጠጣሁ፣ ቆለፍኩ፣ ሄድኩ።
ከጓሮዬ የጎማ ውኃ ከፍቼ
ቆምኩ ከሥሩ ከነልብሴ፤
ለአያቴ ይሁን ለላባው፣ አላውቀውም እኔ ራሴ።