የአልጋው ብረት

ክረምት ነው ሐዴራ፣ ነፋሱ ከባሕር፣
ሌሊቱን ሲያንገላታ የትምህርት ቤቱን አጥር፣
ዓርብ በጠዋቱ ተጋድሞ አገኘነው
ባሕር ዛፍ፣ ወገቡን ሁለት ሰው የማያቅፈው።

የማዘጋጃው ሹም እጁን ከኪሱ ከቶ፣
"ሰኞ ይፈጨዋል መፍጫ መኪና መጥቶ፤
እስከዚያ ያንተ ነው" አለና ሄደልኝ።
ሦስት ቀን። አንድ ግንድ። መሰንጠቂያ የለኝ።
ከሦስቱም አንዱን ቀን ሰንበት ወሰደብኝ።

ያለኝ የሞተር መጋዝ፣ ቅርንጫፍ የለመደ፣
ግንድ በቁመቱ መተርተር ያልወደደ።
የመሰንጠቂያ ዋጋ ጠየቅሁ፣ የሱቁን፤
ነገሩኝ።
ዘጋሁት ስልኩን።

አባቴ ጃንበሩ፣ ወገራ ላይ ማረሻ ሲቀጠቅጥ፣
እዚህ ሃያ ዓመት የሆስፒታል መወልወያ ሲጨብጥ
የኖረው፣ ምድር ቤት ወርዶ ቆይቶ ቆይቶ መጣ፣
ሶኽኑት የሰጠንን አልጋ ከአቧራ ጎትቶ አወጣ።

ያቺን የብረት አልጋ፣ ከሌላዋ ጋር ገጥመን
በመጀመሪያው ሌሊት ስድስት ሆነን የተኛንባትን፣
ሰው በተገላበጠ ቁጥር እንደ በር የምትጮኸውን።
"ስድስት ሰው ከያዘች ምን ይከብዳታል መጋዝ?
ና፣ ያዝ።"

እግሮቿን ቆረጥን፤ ጎኖቿን በብየዳ ገጠምን፤
የመጋዙን ምላስ መሃሏ አስገብተን በአራት ዳዶ አነቅን።
ውፍረቱን ሲለካ ጣቶቹን ደረደረ፦ "አራት ጣት ይበቃል።"
እኔ ሜትር ዘርግቼ፦ "ሰባት ሴንቲ ተኩል።"
"እንግዲያስ ሜትሩም ያውቃል።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብየዳው ቆመ፤ ሻማ በራ።
ቅዳሜን ሙሉ በረንዳ ላይ፣ እጁን ከጭኑ ሥር ቀብሮ፣
ያላለቀውን ብረት ሲያይ ዋለ፣ ቃል ሳያወራ።

ሦስት ኮከብ ሲወጣ ሞረዱን አመጣ።
"ይኸ ጥርስ አሻግሮ፣ በጎን ነው የሚያየው፤
ፊቱን እንዲያይ አድርገው።"
ሠላሳ ስድስት ጥርስ፣ አንድ ባንድ፣ እስኪነጋ ሞረድን፤
ለአግድም የተሳለውን ለቁመት አስተማርን።

እሑድ የቀለም ቀቢውን የናዳቭን መሰላል ግንዱ ላይ ቸነከርን፣
እንደ ሐዲድ ይዞት እንዲሄድ መጋዙን።
መሰላል ለመውጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሞተሩ ተነሣ። ሰጋቱራው ጫማችንን ቀበረ፣
ሽታው የጉንፋን መድኃኒት፤ ሠፈሩ ሁሉ አስነጠሰ።
እኔ እገፋለሁ፣ አባቴ ከኋላ ሽብልቅ ይመታል፤
ዛፉ አፉን ከገጠመ ምላሱን ይነክሳል።
ሉድሚላ ከሦስተኛ ፎቅ "በቃ!" ብላ ጮኸች፤
ወርዳ አየች፤ ለመደርደሪያ አንድ ቁራጭ ለመነች።

ድንገት ብልጭታ።
ሰንሰለቱ ቆመ። ጢስ። ጸጥታ።

ግንዱ ሆድ ውስጥ ቀለበት፤ ከብት ይታሰርበት የነበረ፣
ቅርፊቱ ዓመት በዓመት ውጦት የቀረ።
አባቴ ተንበርክኮ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፦
"ፋብሪካ አልሠራውም፤ የመዶሻው ምት ይኸው፤
ሦስቴ ነው እሳት ያገባው፤ ሰውየው ግራኝ ነው።"

ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ሳቀ፣ እስኪያነባ።
"እኛን 'ቡዳ፣ ሰው በላ' ሲሉን ኖሩ፤
ብረት በላውስ ይኸው! ማንም ክታብ አላሰረበት፣
እንዲያውም ጥላው ሥር ልጆች አሳደጉበት።"

ስድስት ጥርስ ጎደለ። ሞረድን። እንደገና ገፋን።
እስኪመሽ ሦስት ሳንቃ ወጣ፤ ሦስተኛው ጫፉ ላይ ጣት ያህል ከሳብን።
ቀለበቱ የነበረበት እንጨት ጠቁሯል፣ ሰማያዊ ጥቁር፣
መዶሻ ስቶ እንዳገኘው የሰው ጥፍር።

ሰኞ መፍጫው መጣና የቀረውን በላ።

ሳንቃዎቹ ምድር ቤት ናቸው፣ በየመካከላቸው ዱላ፣
ነፋስ እንዲገባ። "ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል" ይሉኛል። ይጣመም።
ለሽማግሎቹ መቀመጫ ነው፤ እነሱም ቀጥ ብለው አይቀመጡም።

አንዳንድ ሌሊት ከታች "ጧ!" ይላል፤ እነቃለሁ።
ሳንቃው ተሰነጠቀ እላለሁ።
አባቴ ግን፣ ከመኝታው ሳይነሣ፣ በጨለማ፦
"አልጋዋ ናት፤ ዛሬም ትገላበጣለች።
ተኛ።"