ሁለት ቁና

ከአክስቴ ቆጥ ወርዶ፣ በሲባጎ ታስሮ፣
በማዳበሪያ ከረጢት እንደ ድንች ተቋጥሮ፣
የካ አባዶ ደረሰ የአያቴ ውጅግራ፤
«ወረቀት አለው» አልኩ፣ የብሎካችን ጥበቃ ዋቅቶላ
ማኅተሙን ገለባብጦ በባትሪው ሲያጣራ።
«እለፍ» አለኝ። ዓይኑ ግን አብሮኝ ደረጃ ወጣ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ብሎን ሲፈታ የኖረ፣
ጡረታ የወጣሁ ዕለት እጄ ሥራ ፈትቶ ቀረ።
ማታ ማታ ጣቶቼ ባዶውን ይጠመዝዛሉ፤
ውድነሽ እያየች ትስቃለች፦ «ጣቶችህ ምን ይፈልጋሉ?»

እነሆ በረንዳዬ፤ ሞርሳ፣ ነጭ ጋዝ በጣሳ፣
ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ከሸሚዜ የተቀደደ ኪስ።
ዝገቱ ቡን ብሎ ወጥቶ ወይዘሮ ፀዳለን ሲያስነጥስ፣
«ይማርሽ» እላለሁ በግንቡ፤ «ያኑርህ» የለም፤ መስኮት መመለስ።

ጥድፊያ የለም። ዝገት እንደ ቂም ነው፣ በአንድ ቀን አይለቅም፤
ቸኩለህ በሽቦ ብትፍቀው፣ ብረቱንም አይምርም።
አውቶቡስ እንዲህ አልነበረም፤ ከኋላው ሕዝብ ይጠብቃል፤
ይሄ ግን መቶ ዓመት ቆይቷል፣ ሌላ ክረምት ይታገሳል።

ሰኔ ላይ መቀርቀሪያው ተነቃነቀ። ሞላው ግን ተሰብሯል።
ምን አለሽ ተራ ወረድኩ፤
ከበር መዝጊያ፣ ከስፌት መኪና፣ ከምኑም ከምኑም ለካሁ፣ ሞከርኩ፤
ልክክ ብሎ የገጠመው ከሕፃን ጋሪ የወጣ፣
ሰባ ብር። «ለልጅ ልጅህ ነው?» ሲለኝ ሻጩ፣ አፌ መልስ አጣ።

አያቴን አላውቀውም፤ የማውቀው ወሬውን ነው፦
ውጅግራውን ካነገተ፣ «ወዴት?» ብሎ የሚጠይቀው
ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ አንድ ሰው አልነበረም፤
ውሻ እንኳ እሱ ካላለፈ በቀር አይጮህም።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው የሰደፉን ቆብ የፈታሁት።
ሁለት ብሎን። አንደኛው እምቢ አለ፤ ሌሊቱን በዘይት አሳደርኩት።
ከሥሩ በጩቤ ጫፍ የተፈለፈለች ጎድጓዳ፣
በውስጧ ሰም የነካው ጨርቅ፣ ከመታጠፍ ብዛት የተጎዳ።
እኔ የጠበቅኩት ጥይት ነበር፣ ካልሆነም ክታብ።
መነጽሬን ጠረግኩ፤ የፈዘዘውን ቀለም ለማንበብ
ወደ ብርሃኑ አዘነበልኩ፦

«እኔ ወልደየስ ከአያ ነገዎ
ሁለት ቁና ገብስ ወስጃለሁ።
ለመስቀል እመልሳለሁ።
ልጆቼ እንዳይሰሙ።»

ከግርጌው የአውራ ጣት አሻራ፣
እንደ እኔው ጣት ጥቁር፣ ግራሶ የነካው ይመስል።

ያ ሁሉ መንገድ የለቀቀለት ሰው፣
የልጆቹን ሆድ ግን ማስፈራራት ያልቻለው!
ከፍሎ ይሆን ወረቀቷ የተመለሰችለት?
ወይስ ሳይከፍል አፍሮ በሰደፉ የቀበራት?
ሞተር ቢሆን ድምፁን ሰምቼ እለየዋለሁ፤
ይሄን ግን በየትኛው ቁልፍ እፈታዋለሁ?

ማታ ዋቅቶላን ጠየቅኩት። «ነገዎ?» አለ። «የትኛው?
ነገዎ ብዙ ነበር። አንዱ፣ ገብሱ የሚያምርለት፣ እርሻው
እዚሁ ነው፣ መኪና የምታቆሙበት። እኔም ልጅ ሆኜ አርሜበታለሁ።
ልጆቹ ካሣ ተቀብለው የት እንደገቡ፣ እንጃ።»

በቁና የሚሰፍር ሱቅ የለም። በኪሎ ገምቼ በፌስታል ገዛሁ።
ውድነሽ ቆላችው። ትኩሱን ይዤ ወደ ጥበቃው ቤት ወረድኩ፤
ነገሩን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ፤
«ወለዱስ?» አለና ዘገነ።
ዝናቡ እስኪያባራ የወልደየስን ዕዳ አብረን ቆረጠምን፤
ምናልባት የተከፈለውን፣
ምናልባት ገና ያልከፈልነውን።

ውጅግራው አሁን ግድግዳ ላይ ነው፤ አፈሙዙ ሰማያዊ ያበራል።
ወረቀቷን ወደ ጎድጓዳዋ መለስኳት፤ አንደኛው ብሎን አንድ ዙር ላልቷል፤
አውቄ ነው።
ዋቅቶላ በበሩ ሳልፍ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ፣
«ለካ ሁለት ወረቀት ነው ያለው» ይላል።